ዱከም ላይ የቆመችው ቪትዝ፦ ጎማ መቀየርና ጎማ መያዝ

ጥያቄ፦

ሰላም ጋሼ። የምነዳው ቪትዝ ነው። ባለፈው እሁድ ልጆቼን ይዤ ከቢሾፍቱ በአሮጌው መንገድ ስመለስ የኋላ ቀኝ ጎማ ተነፈሰብኝ። መሽቶ ስለነበር ፈራሁና ዱከም መብራት ያለበት ቦታ እስክደርስ ቀስ እያልኩ ነዳሁት። ብሎኖቹ አልፈታ አሉኝ። ሁለት ወጣቶች መጥተው መፍቻው ላይ ቆመውበት በመከራ ፈቱልኝ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ሲወጣ ደግሞ እሱም ንፋስ የለውም! በባጃጅ ተወስዶ ተሞልቶ መጣ። በማግስቱ የሰፈራችን ጎሚስታ «ሚስማር ነው፤ ከመነዳሪ ላስገባልሽና ተገላገይ» አለኝ፣ አስገባልኝ። ጎማዎቹን ከስምንት ወር በፊት አዲስ ብዬ ነው የገዛኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከከተማ መውጣት ፈርቻለሁ። ጎማ ራሴ መቀየር እችላለሁ ወይ? ንፋስስ ስንት ነው የሚሞላው? አንዱ 30 ይላል፣ ሌላው 40።

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ልጆችሽን ይዘሽ በሰላም ገባሽ።

ሚስማር ማንንም ያገኛል። የተነፈሰ ጎማ መቀየር ደግሞ ሁሉ ነገር በቦታው ካለ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አንቺን በጨለማ ያንከራተተሽ ቀደም ብሎ የተሠራው ሥራ ነው። ዳዶውን፣ አንቺ ብሎን ያልሽውን፣ ረግጦ ያጠበቀው ሰው አለ። ስኮርታውን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ ያላየው አለ። ጎማውን «አዲስ» ብሎ የሸጠልሽም አለ፤ እሱን ኋላ እናየዋለን። ይኼ ሁሉ የሆነው መኪናዋ ጎሚስታ ቤት ወይም ግቢ ቆማ ሳለች ነው። ስለዚህ አስፋልት ዳር ምን እንደምታደርጊ እነግርሻለሁ፤ ጎሚስታ ቤት ምን ማየት እንዳለብሽ የምለውን ግን እንዳትዘልዪው።

በአስቸኳዩ ልጀምር። ያን ከመነዳሪ፣ ጎማው ውስጥ የገባውን ንፋስ መያዣ ላስቲክ፣ አስወጪው።

የቪትዝሽ ጎማ ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ የተመረተ ነው። ጎኑን ብታዪው «ቲዩብለስ» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ታገኛለሽ። ንፋሱን የሚይዘው ጎማው ራሱ ነው። ውስጡ ንፋስ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለው፤ ጠርዙ ደግሞ ቸርኬው (ጎማው የሚገባበት ብረት) ላይ ግጥም ብሎ ይቀመጣል። የዚህ ዓይነት ጎማ ጥቅሙ የሚታየው ሚስማር ሲገባበት ነው። ሚስማሩ ራሱ ቀዳዳውን ይዞት ስለሚቆይ ንፋሱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። ከመነዳሪ ግን ሲበሳ እንደ ፊኛ ነው፤ በአንዴ ይወርዳል። ያንን በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሆነሽ አስቢው። በዚያ ላይ ከመነዳሪው ከጎማው ውስጠኛ ገላ ጋር እየተፋተገ ይሞቃል። ሙቀት ደግሞ የጎማ ዋና ጠላት ነው።

ጎሚስታዎች ታዲያ ለምን ይወዱታል? ቶሎ ያልቃል። ቀዳዳ ፍለጋ የለም። ቸርኬው ዝጎ በጠርዙ በኩል ንፋስ ቢያሳልፍ እንኳ ይሸፈናል። ደንበኛው ንፋስ ስለማይቀንስበት አመስግኖ ይሄዳል። ሁሉም ሊያታልሉ ነው ለማለት አይደለም። ብዙዎቹ ሥራውን የለመዱት በጭነት መኪና ላይ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከመነዳሪ የኖረ ነገር ነው። ለአንቺ መኪና ግን አይሆንም።

ከመነዳሪው ከወጣ በኋላ ጎማው ንፋስ ተሞልቶ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ግማሹ የተቆረጠ በርሜል ወይም ገንዳ የሌለው ጎሚስታ የለም። አጠገቡ ቁሚ። ቀስ ብሎ እንዲያዞረው ንገሪው። አረፋው ከየት እንደሚወጣ በዓይንሽ እዪ። መሬት ከሚነካው ገጽ ከወጣ ይጠገናል፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ማለቴ ነው። ትክክለኛው ጥገና ጎማው ከቸርኬ ወጥቶ፣ ውስጡ ተፍቆ፣ ከውስጥ በኩል የሚለጠፈው ነው። ከውጭ በመርፌ የሚወተፈው ማስቲሽ የነካው ገመድም አለ። እሱ ለከተማ ሩጫ ይይዛል፤ ብዙ ሰው ዓመት ይነዳበታል። የአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ልጆች ጭኜ ግን እኔ አልወጣበትም።

አረፋው ንፋስ ከምትሞይባት ከትንሿ አፍ ሥር ከወጣ የጎማ ችግር አይደለም። ያቺ አፍ ከጎማ የተሠራች ናት፤ ስታረጅ ትሰነጠቃለች። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ትቀየር። አዲስ ጎማ በገዛሽ ቁጥር እሷም አብራ መቀየር አለባት። አረፋው ከቸርኬውና ከጎማው መገጣጠሚያ ከሆነ ደግሞ ዝገት ነው፤ ቸርኬው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። ከጎማው ጎን ከወጣ ግን አለቀ። የጎማ ጎን አይጠገንም። «እኔ እሠራዋለሁ» የሚልሽ ይኖራል። እሺ እንዳትዪው።

አሁን ደስ የማይል ነገር ልንገርሽ። ንፋስ በሌለው ጎማ ዱከም ድረስ ነድተሻል። ጥፋት ሠራሽ አልልም፤ ልጆች ይዞ ጨለማ ላይ ከመቆም ጎማ ማበላሸት ይሻላል። ነገር ግን ባዶ ጎማ ሲነዳ ጎኑ በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ተጣጥፎ ይፈጫል። ከውጭ ምንም ላይመስል ይችላል። ጎማው ሲወልቅ ውስጡን በእጅሽ ዳብሺው። ጥቁር የጎማ ዱቄት ከተራገፈ፣ ወይም ጎኑ በውስጥ በኩል ዙሪያውን ተልጦ ክሮቹ ከታዩ፣ ቀዳዳው የመርፌ ያህል እንኳ ቢሆን ያ ጎማ ተመልሶ አይገጠምም። የሰፈርሽ ጎሚስታ ከመነዳሪውን ሲያስገባ ይህንን ማየቱ አይቀርም። እንዳልነገረሽ ነው እንጂ።

ወደ ቅያሬው እንሂድ። አዎ፣ ትችያለሽ። የጉልበት ሥራ መስሎ የሚታየው ቅድም እንዳልኩሽ ዳዶው ከልክ በላይ ስለሚጠብቅ ነው።

መጀመሪያ ቦታ ነው። መታጠፊያ ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ለስላሳ አፈር ላይ አትቁሚ። ከአስፋልቱ በደንብ ወጥተሽ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ፈልጊ። አራቱንም ፍሬቻ አብሪ። ልጆቹን ትራፊክ በሌለበት በቀኝ በር አስወርጂና ከመንገዱ ራቅ አድርገሽ አቁሚያቸው። በክሪክ በተነሳ መኪና ውስጥ ሰው አይቀመጥም። የፍጥነት መንገድ ላይ ከሆንሽ ከብረት አጥሩ ማዶ ይሁኑ። ጎማው በግራ በኩል ከሆነና ጀርባሽን ለሚበሩ መኪናዎች ሰጥተሽ መንበርከክ ካለብሽ ደግሞ ተይው፤ ደውይና እርዳታ ጠብቂ።

ባለሦስት ማዕዘን አንጸባራቂሽን ራቅ አድርገሽ ከኋላ አስቀምጪ። የሌለው ሰው ቅጠል ቆርጦ፣ ድንጋይ ደርድሮ ምልክት ያደርጋል፤ በየአገሩ መንገድ የምናየው ነው። ክፋት የለውም። ክፋቱ ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩን እዚያው ጥሎ መሄዱ ላይ ነው። ማታ የሚመጣው ሰው ይወጣበታል። ያስቀመጥሽውን ድንጋይ አንሺ።

የእጅ ፍሬን ያዢ። ማኑዋል ከሆነች አንደኛ ማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነች ፒ ላይ አድርጊ። ከዚያ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፊ። የኋላ ቀኝ ከሆነ የተነፈሰው፣ ድንጋዩ የፊት ግራ ላይ ነው። ለምን ድንጋይ፣ ፍሬን ይዤ የለ ወይ ትይኛለሽ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላዎቹን ጎማዎች ነው። አንዱን ካነሳሽው የቀረሽ አንድ ብቻ ነው። ቪትዝ ደግሞ የሚጎትተው የፊት ጎማ ስለሆነ ማርሹ የሚይዘው ፊቱን ነው፤ የፊት ጎማ ስታነሺ የተነሳው ለብቻው በነፃ ይሽከረከራልና ማርሹ አያግዝሽም። ድንጋዩ ሁልጊዜ ይሠራል።

ከዚያ ምንም ሳትፈቺ ስኮርታውን አውጪና ተጫኚው። ንፋስ ከሌለው መኪናዋን አንስቶ መፍታት ትርፉ ድካም ነው። ካለው ከመኪናዋ ሥር፣ ከክሪኩ አጠገብ አጋድሚው። ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናዋ እሱ ላይ ታርፋለች፣ እጅሽ ወይም እግርሽ ላይ ሳይሆን። የተፈታው ሲወጣ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ዳዶው የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ነው። ከተነሳ በኋላ አብሮሽ ይዞራል፤ መኪናውንም ከክሪኩ ሊያወርድ ይችላል። መፍቻውን እስከ መጨረሻው ዳዶው ላይ አስገቢ። እጀታው ወደ ግራ፣ ከመሬት ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርጊ። ከዚያ በእግርሽ ወደ ታች ጫን በዪ፣ በእጅሽ መኪናዋን ተደግፈሽ። መዝለል የለም። ክብደትሽ በቂ ነው። ግማሽ ዙር ሲላላ ተይውና ወደ ሚቀጥለው እለፊ። ሙሉ በሙሉ አትፍቺ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የችግርሽ እምብርት ስለሆነ። ቶዮታ ለእንዲህ ዓይነት አነስተኛ መኪናዎቹ የሚያዘው የዳዶ ጥብቀት 103 ኒውተን ሜትር ነው። ወደ ኑሯችን ስናመጣው፣ 30 ሳንቲ ሜትር በሚሆን መፍቻ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት ነው። አንድ ሰው በእጁ ጠንከር አድርጎ ሲጫን የሚያመጣው ኃይል ነው። ሁለት ጎረምሶች የቆሙበት ዳዶ ግን ወይ በንፋስ ሽጉጥ ያለ ልክ ተመትቷል፣ ወይ ብረት ቱቦ ተቀጥሎ ተረግጧል። ይህ የሚያስቸግረው ሲፈታ ብቻ አይደለም። ብሎኑ ይለጠጣል፣ ጥርሱ ይበላል፣ የፊት ጎማ ላይ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ተጣሞ ፍሬን ስትይዢ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጎሚስታው ግን «አጥብቄ አሰርኩልሽ» ብሎ ይኮራበታል።

ስለዚህ ደንብ አድርጊው፦ ጎማ አስፈትተሽ ካስገጠምሽ በኋላ ከቤቱ ሳትወጪ የራስሽን መፍቻ ከኋላ ኮፈን አውጪና አንድ ዳዶ ራስሽ አላዪው፣ መልሰሽ አጥብቂው። እዚያ በብርሃን ካቃተሽ ዱከም በጨለማ አይሆንልሽም። «አላላልኝ፣ በእጅ አጥብቅልኝ» በዪው። ይስቅብሽ ይሆናል። ይሳቅ።

ከላላ በኋላ ክሪክ ነው። የቪትዝ ሆድ ጠርዝ ላይ፣ ከፊት ጎማ ኋላና ከኋላ ጎማ ፊት፣ በጣት የሚዳሰሱ ሁለት ሁለት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች አሉ። ክሪኩ የሚገባው በሁለቱ መካከል ነው። ሌላ ቦታ ካስደገፍሽው ቆርቆሮውን ሰርጉዶ ይገባል። መሬቱ አፈር ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አድርጊ። ጎማው ከመሬት ትንሽ ሲለቅ በቃ፤ ስኮርታው ሙሉ ስለሆነ ግን ከባዶው ጎማ ይልቅ ትንሽ ከፍታ ይፈልጋል።

ዳዶዎቹን ፈትተሽ ጎማው እምቢ ቢል ተጣብቋል ማለት ነው፤ በዝናብና በጭቃ ቸርኬውና የሚታሰርበት ማዕከል ይያያዛሉ። ክሪክ ላይ ያለ መኪና አትደብድቢ። ዳዶዎቹን መልሰሽ ሁለት ሦስት ዙር ብቻ አስገቢና መኪናዋን ቀስ ብለሽ አውርጃት። ክብደቷ ያላቅቀዋል። ከዚያ እንደገና አንሺ።

ስኮርታውን ስታስገቢ የዳዶው ሾጣጣ ወገን ወደ ቸርኬው ይዙር። መጀመሪያ በጣትሽ ብቻ አስገቢ። በጣት አልሄድ ካለ ጥርሱን ስቷልና በመፍቻ አታስገድጂው። ቪትዝ አራት ዳዶ ነው ያላት፤ አንዱን ከያዝሽ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ በመስቀለኛ። ቀለል አድርገሽ ያዢ፣ መኪናዋን አውርጂ፣ ከዚያ መሬት ላይ ሆና በደንብ አጥብቂ። ዘይትም ግሪስም አትቀቢ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ አንዴ ደግመሽ ያዢያቸው። ይህቺን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ጎማ ሲወልቅ የሚሰማው ደግሞ በብዛት ከዚህ ነው።

ስኮርታሽ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ጎኑ ላይ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚል ገደብ አለው። ንፋሱም ከሌሎቹ ይለያል፦ 420 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም 60 ፒኤስአይ (30፣ 40 ሲሉሽ የሚቆጥሩበት መለኪያ)። የባጃጁ ልጅ 30 አስሞልቶት ከመጣ ግማሽ ባዶ ነው የነዳሽው። አሁኑኑ አስለኪው።

ንፋስን በተመለከተ 30ም 40ም የሚሉሽን ተያቸው። መልሱ መኪናዋ ላይ ተጽፏል። የሾፌሩን በር ክፈቺና ምሰሶው ላይ ያለውን ስቲከር እዪ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ ከሆነ ስቲከሩ በማዶኛው በር በኩል ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ የጃፓን ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ይነበባል። 220 (ኪሎ ፓስካል) ካለ 32 ፒኤስአይ ነው፣ 230 ካለ 33። ቤተሰብና ዕቃ ሞልተሽ ስትሄጂ የሚሆን ሁለተኛ ቁጥር ካለው እሱን ተጠቀሚ። 40 የሚሉሽ ከጎማው ጎን ላይ «44» የሚል አንብበው ነው። እሱ ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ይህን ያህል ሙሉ ማለት አይደለም። ከልክ በላይ የሞላ ጎማ መሐሉ ብቻ ይበላል፣ መንገድ አይቆነጥጥም፣ ጉድጓድ ሲመታ ክሮቹ ይበጠሳሉ። ጎኑ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር ካየሽ ክሩ ተበጥሷል፤ አይጠገንም፣ አይቆይምም።

ያነሰው ግን ከበዛው የከፋ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ይሞቃል። ከተማ ውስጥ አያሳይሽም። አዳማ መንገድ ገብተሽ ፍጥነት ስትጨምሪ፣ አስፋልቱም ሲግል፣ ጭነትም ሲኖር ነው የሚፈነዳው። ደህና ጎማም ቢሆን በወር አንድ ወይም ሁለት ፒኤስአይ በራሱ ይቀንሳል። በዓይን አይታወቅም። የራስሽን መለኪያ ግዢ፤ ጎሚስታ ቤት ያለው መለኪያ ሲወድቅ ሲነሳ የኖረ ነው። በወር አንዴ፣ ጠዋት ሳትነጂ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሆኖ ለኪ። ስኮርታውን ጭምር። ነድተሽ ከለካሽ በሙቀቱ የተነሳ አራት አምስት ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ታገኚዋለሽ። በዚያ ጊዜ እንዳታስተነፍሺ፤ ሲቀዘቅዝ ያንስሻል።

ወደ ቆላ ስወርድ ላስተንፍስ ወይ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አዋሽ ወደ 1,000 ገደማ። ስትወርጂ የአካባቢው አየር ስለሚከብድ መለኪያሽ ላይ ሁለት ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። በሌላ በኩል ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲጨምር ሦስት ያህል ይጨምራል። እርስ በርስ ይጣፋሉ። ምንም አትንኪው፣ ስቲከሩ ያለውን አዲስ አበባ ላይ ሞልተሽ ውጪ። ናይትሮጅን ሙዪ የሚልሽም ካለ፣ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ገንዘብሽን መለኪያ ግዢበት።

አሁን ወደ «አዲሱ» ጎማሽ። ጎኑ ላይ ከ«ዶት» (DOT) ፊደሎች በኋላ የረድፉ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር ታገኛለሽ። ካጣሽው ወደ ውስጥ በዞረው ጎን ነው፤ ሙሉው ቁጥር አንዱ ጎን ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመት ናቸው። 4017 ማለት የ2017 40ኛው ሳምንት ነው። ግን በፈረንጅ! በ2018 ዓ.ም. ጎማ የሚገዛ ሰው 17ን ሲያይ አምና የወጣ ይመስለዋል። ሻጩም «እየውልሽ፣ የአምና ነው» ይላል። ያ ጎማ የተመረተው በእኛ መስከረም 2010 ነው፣ ስምንት ዓመት አስቆጥሯል። ጥርሱ አልተነካም፣ ያብረቀርቃል፤ ጎማው ግን ደርቋል። ሄደሽ የአራቱንም ቁጥር አንብቢ። እኔ በእኛ ፀሐይ ስድስት ዓመት ካለፈው ጎማ ጋር ረጅም መንገድ አልወጣም። የሚያመርቱት ኩባንያዎችም ቢሆኑ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ ከአሥር በኋላ ጥርስ ቢኖረውም ይጣል ነው የሚሉት።

ሌላም ማታለያ አለ። ያለቀ ጎማ በጋለ ብረት ጥርሱ እንደገና ይቆረጥና ጥቁር ይቀባል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች መኖር አለባቸው፤ ከፍታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥርሱ እዚያ ሲደርስ ጎማው አልቋል ማለት ነው። ቦዩ ጥልቅ ሆኖ ጉብታው ተቆርጦ ካየሽው፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ በእጅ የተቆረጠ ጎማ ነው። እግረ መንገዴን ልንገርሽ፣ ለቦሎ ምርመራ ጎማ ተውሰው አስገጥመው በማግስቱ ሙልጭ ያለውን የሚመልሱ ሰዎችም አሉ። ማንን እንደሚያታልሉ አላውቅም።

ጎማሽን በእጅሽ ዳብሺው። ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ካለቁ ንፋስ አንሶት ነው የቆየው፣ መሐሉ ካለቀ በዝቶበት። አንድ ወገን ብቻ ከተበላ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ መዛባት) ነው፤ በየኮብልስቶኑና በየጠርዙ የምንወጣ የምንወርድ ሰዎች ቶሎ ነው የሚዛባብን። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዘዋወር ዕድሜ ይጨምራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ብዙዎቹ ስኮርታ ይዘው አይመጡም። ያለው የሚረጭ ፈሳሽና ትንሽ ኮምፕሬሰር ነው። ፈሳሹ የሚደፍነው ትንሽ የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የተቀደደ ጎንን አይረዳም። ከተጠቀማችሁበት ጎሚስታው ጎማውን ሳይከፍት ንገሩት።

አንድ ቀን ጎማ እየነዳሽ ቢፈነዳብሽ ፍሬን አትርገጪ። መሪውን በሁለት እጅሽ ጥብቅ አድርገሽ ቀጥ አድርጊ፣ ነዳጁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ መኪናዋ ራሷ ትቀንስ። ፍጥነቷ ሲወርድ ወደ ዳር ውጪ። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ይጎትትሻል፤ ይከብዳል እንጂ መሪሽ እጅሽ ላይ ነው። የኋላ ሲፈነዳ ግን ጭራዋ ትወናጨፋለች፣ ያንን በመሪ መመለስ ለባለሙያም ይቸግራል። ስለዚህ አሁን አቅምሽ ሁለት ጎማ ብቻ ከሆነ፣ ጎሚስታው «አዲሱን ከፊት ላድርገው» ቢልሽም አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ፣ ከኋላ የወጡት ደህና ከሆኑ ወደ ፊት ይምጡ።